የሚያፈስ ሸክላ

የካቲት 3 ቀን 1964፣ ዓርብ። ደብረ ማርቆስ

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። ርእሰ መምህሩ ፖስታውን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩና «ከውጭ አገር ነው» አሉኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል። ቴምብሩን ለልጃቸው ፈለጉት፤ ቀድጄ ሰጠኋቸው። ከችኮላዬ የተነሣ የፖስታው ግማሽ አብሮ ተቀደደ።

የጻፉልኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ናቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ ሁለት ዓመት አለፋቸው። እዚያ የከተማው ሰው በመኪና ጭስ የተነሣ ሰማይ ማየት ተስኖታል ይላሉ። ሞተር ውስጥ እሳቱ ሲበረታ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይጣበቁና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሆነው ይወጣሉ። ዓይን የሚያቃጥለው፣ ሳንባ የሚበላው፣ አየሩን ቡናማ የሚያደርገው ጋዝ እሱ ነው። የእሳቸው ቤተ ሙከራ ደግሞ ጋዙን ከጭስ ማውጫው ሳይወጣ መልሶ የሚለያይ ካታሊስት ይፈልጋል። ፕላቲን የሚባለው ማዕድን ለዚህ ይሠራል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። እኔ በመመረቂያ ጽሑፌ «መዳብ የጠጣ ሸክላ ቢሞከርስ» ብዬ የጻፍኩትን ሁለት ገጽ አልረሱትም።

«በእውነተኛ መኪና ላይ ሞክረህ አሳየኝ» ይላሉ። «ናሙናውንና የፈተናውን ውጤት በእናንተ አቆጣጠር እስከ ግንቦት 30 ፖስታ ቤት አስገባ። ቦታ አለኝ። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ቦታ አለኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰላምታና ከትምህርት ውጪ ከሰው ጋር ያወራሁትን ብጽፈው ይህን ገጽ አይሞላም። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሆዴን የማጫውተው ሰው የለኝም። ለደብተር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የካቲት 5፣ እሑድ። ቅበላ

አካለ ወልድ ቤቱ ጠራኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ነው፣ ቅኔ ቤት ያደገ። ደግ ሰው ነው፣ ጥያቄው ብቻ አያልቅም። ካታሊስት ምንድን ነው አለኝ። ሌሎቹን የሚያገናኝ ወይም የሚያለያይ፣ ራሱ ግን እንዳለ የሚቀር ነገር ነው አልኩት።

«ሽማግሌ ነው በለኛ!» አለ። «የተጣሉትን አስታርቆ፣ ጠላውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ።»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስወጣ ሚስቱ «ይህ ሰው አያገባም እንዴ?» ስትል ሰማኋት። በሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ

ገበያ ሄድኩ። ማሰሮ ሻጮቹ ካበቁበት ራቅ ብላ ለብቻዋ የተቀመጠች ሸክላ ሠሪ አገኘሁ። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ድብልብል፣ በደንብ የተተኮሰ ሸክላ አንድ ቁና ሙሉ እፈልጋለሁ አልኳት።

«ምን ሊያደርጉበት ነው ጌታው?»

«የመኪና ጭስ ላጠራበት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «መኪና አተር መብላት ጀመረ?» አለች። ቀጥላም «ይሁን፣ በሁለት ሳምንት ይምጡ። እኔ ለሰው የምሰጠው ዕቃ አያሳፍርም፣ አይስጉ» አለችኝ።

እዚህ አገር ሰው የሸክላ ሠሪን ዕቃ ይገዛል፣ ሠሪዋን ግን ይፈራል። ዓይኗ ይበላል ይላሉ። ገንዘቡን እጇ ላይ አያኖሩም፣ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል። እኔም ቀብዱን መሬት ላይ አኖርኩላት። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አላውቅም። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ።

የካቲት 27፣ ሰኞ

ሸክላው ደረሰ። አንዱ ካንዱ አይለይም፣ ሁሉም እኩል። በዚህ እጅ ስንቱ ይሠራ ነበር።

ከቤተ ሙከራው የተረፈውን የመዳብ ሽቦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በአሲድ አሟሟሁ። ጋዙ ብድግ አለ፣ ቡናማ፣ ዓይን የሚያቃጥል፣ ላጠፋው የተነሣሁበት ጋዝ ራሱ። ሳል ይዞኝ ዋለ። ሸክላውን በአረንጓዴው ውሃ ነክሬ አድርቄ በምድጃ አግለዋለሁ፤ መዳቡ ጠቁሮ ሸክላው ውስጥ ይቀራል። መቅረት አለበት።

መጋቢት 1፣ ዓርብ

መኪናም አገኘሁ። ደርቤ የሚባል ሾፌር ሮብ ሮብ በላንድሮቨሩ ሰው ጭኖ ወደ ሮብ ገበያ ይወጣል። ሸክላውን የያዘውን የቆርቆሮ ሣጥን ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ቀጥሎ ልግጠምልህ አልኩት።

«ክታብ ልታስርላት ነው?» አለኝ።

«እንደዚያ በለው።»

«እንግዲህ ከገደል ካዳናት እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ ገጠመው።

መጋቢት 6፣ ሮብ

ከመኪናው በስተኋላ በአቧራ ታጥቤ ተመለስኩ። የምፈትነው እንዲህ ነው። ጭሱን በኳስ የውስጥ ጎማ እሞላለሁ፤ ከዚያ መፈተኛው ውሃ ወዳለበት ጠርሙስ አስገብቼ እነቀንቃለሁ፤ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ጋዙ ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለ እንደጠራ ይቀራል። መፈተኛውን ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁት ነው። ብልቃጧ ትንሽ ናት፣ ለስምንት ጊዜ ብትበቃ ነው። እዚህ ደግሞ አይገኝም።

ያለ ሣጥኑ፦ ደማቅ ሮዝ።
ከነሣጥኑ፦ ደማቅ ሮዝ።

መጋቢት 13፣ ሮብ

ሮዝ። ምድጃውን አብዝቼ አግዬው ይሆናል።

መጋቢት 17፣ እሑድ

ተማሪዎች አድመው ትምህርት ከተቋረጠ ስድስተኛ ቀኑ። ከአከራዬ ከእትዬ የብርጓል በቀር ያነጋገረኝ የለም። እሳቸውም ያሉኝ «ልጄ፣ ያ የምታነድደው ነገር ጣሪያዬን እንዳያከስለው» ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸው ጤናዬ፣ አራት ዓመቷ፣ በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች። ስጠራት ትሮጣለች።

ትናንት ገበያ ሄጄ ነበር። ምንም የሚገዛ አልነበረኝም። ሸክላ ሠሪዋ «አተሩ ጣመው መኪናው?» አለችኝ። «ገና አልቀመሰም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል ጠፋኝና ማሰሮ ገዛሁ። አሁን ሁለት ማሰሮ አለኝ፣ ውሃ የምቀዳው ግን ባንዱ ነው።

መጋቢት 27፣ ሮብ

ሮዝ። መዳቡ እየተላጠ እንደ ጥላሸት ከሣጥኑ ረገፈ። ደርቤ «ክታቡ ጾም አልያዘም መሰለኝ» ብሎ ቀለደ። አልሳቅሁም፣ ይቅር ይበለኝ። መፈተኛው ለአራት ጊዜ ቀረ። ያ ሁለት ገጽ የልጅ ጽሑፍ ነበር። ፕሮፌሰሩን አታለልኳቸው።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ። ፋሲካ

አካለ ወልድ ዘንድ ነው የፈሰክሁት። ማዕዱ ላይ ስምንት ሰው ነበር። አንዱ እንግዳ ስለ ሸክላ ሠሪዎች ጀመረ። ማሰሮ ሲገዛ ሦስት ጊዜ ካላጠበ ቤቱ እንደማያስገባ፣ እነሱ ባዩት እህል ላይ እንደማይቀመጥ። አካለ ወልድ ወደ እኔ ዞረና «ለመሆኑ ያችን የሸክላ ጠጠርህን ማን ይሠራልሃል?» አለ።

«ራሴ ነኝ» አልኩ።

«እንዴት ያለ እጅ አለህ!» አለችኝ ሚስቱ፣ ደረት ቆርጣ አቀረበችልኝ። በልቼ አመሰገንኩ።

በዓል ነው፣ በሰው ማዕድ ላይ ነገር መጫር አይገባም። ደግሞስ ምን ቸገራት፣ አልሰማችም። ስሟን እንኳ አላውቅም እኮ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥጋው ይሆናል፣ ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

ዛሬ ነው ያሰብኩት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ! አንዷን ሸክላ በመዶሻ ፈለጥኳት። መዳቡ ላይ ላዩን ብቻ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ወደ ውስጥ ጠብታ አልገባም። ያልተነከረችውን ፈለጥኩ፤ ውስጧ ወዝ አለው። አሸተትኳት። እናቴ አዲስ ድስት ስትገዛ ቤታችን የሚሸተው ሽታ ነው።

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

ገና ጀምበር ስትወጣ ገበያ ነበርኩ።

«አሟሽተሻቸዋል እንዴ?» አልኳት።

«አዎ» አለች ኮራ ብላ። «በጎመንዘር፣ አንድ በአንድ፣ ገና ትኩስ ሳሉ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሌላ ጊዜ የሚያሟሸው ገዢው ነበር። ግን እርስዎን ሳይዎት ብቻዎን የሚኖሩ መሰሉኝ። ማን ያሟሽላቸዋል ብዬ ነው።»

ስድስት ሳምንት መዳቡን ወቀስኩ፣ ምድጃውን ወቀስኩ፣ ራሴን ወቀስኩ። እሷ ደግሞ ለእኔ ስትል ቀዳዳውን ሁሉ ደፍናልኛለች። መቆጣት ፈልጌ አልሆነልኝም።

«እኔ የምፈልገው ውሃ የሚያፈስ ነው» አልኳት። «እንደ ወንፊት የሚያፈስ።»

አፏን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ። «ይህማ ነውር ነው! እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሣለች። እኛ ቤት የሚያፈስ ዕቃ ሠርቶ የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ከፊቷ ያለውን ማሰሮ በጣቷ አንኳኳች። «እሠራልዎታለሁ። ጭቃው ውስጥ የምጨምረውን አውቃለሁ። ብቻ ታየች የሚያፈስ ሠራች እንዳይባልብኝ፣ ገዢ አጣለሁ። ስሜን ለማንም እንዳያነሡ።»

አላነሣም አልኳት። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ አውቃለሁ፣ ግን ይለፍ።

ታየች ነው ስሟ።

ሚያዝያ 21፣ ቅዳሜ

የሚያፈሰውን ሸክላ ገበያ ላይ ሰው እንዳያይባት ብላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ራሷ ቤቴ ድረስ አመጣችው። በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠች። ግቢ አላልኳትም፣ ግቢው የእትዬ የብርጓል ነው። ውሃ ያምጡልኝ አለችና አንድ ጠብታ ሸክላው ላይ ጣል አደረገች። ወዲያው ጠጣው። ሌላ ጣለች፣ እሱንም ጠጣው። «እይ፣ እንዴት እንደጠማው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ አላለችኝም፤ ልብ ያለችው አይመስለኝም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። አባቴ ወልደ ሩፋኤል ጉለሌ ቆዳ ፋብሪካ ይሠራ እንደነበር፣ እናቴ በደረት በሽታ እንደሞተች፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለማየት እንዳልደረሰች ነገርኳት። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። እሷ እየሰማች ከሸክላዎቹ መካከል የተሰነጠቁትን ትለቅማለች። ወሬው እንዳያልቅ ፈልጌ ስለ ሥራዬም ነገርኳት፤ እዚያ አገር ሰው በመኪና ጭስ እንደሚታፈን። «አቤት፣ ምስኪኖች» አለች ከልቧ። ከዚህ ከተማ እስካሁን ማንም እንዲያ ያለ የለም።

ጤናዬ ወጥታ ነበር። ታየች ከመቀነቷ አውራ ጣት የምታህል የሸክላ ላም ፈትታ ሰጠቻት። ልጅቷ ሳቀች፣ እጇን ይዛ ጎተተቻት። እትዬ የብርጓል ከጓሮ ብቅ አሉ። አዩንና «ጤናዬ! ግቢ!» አሉ። ድምፃቸው እንዲህ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ታየች ተነሣች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ «በል ደህና እደር፣ ሳይጨልም ጨሞጋን ልሻገር» ብላኝ ሄደች።

የሸክላዋን ላም እትዬ የብርጓል ከአጥር ውጪ ወረወሯት። ጨለማው ሳይበረታ ወጥቼ አነሣኋት። አንድ ቀንዷ ተሰብሯል። ጠረጴዛዬ ላይ አለች።

ሚያዝያ 24፣ ማክሰኞ

ጤናዬ ታማለች። ትኩሳት፣ ተቅማጥ። ሐኪም ቤት ውሰዷት አልኩ። እትዬ የብርጓል «ይህ የሐኪም አይደለም» አሉኝ። «ያች ሴትዮ ማናት? ከየት ናት?»

«ዕቃ ያመጣችልኝ ናት። ምን አውቄ» አልኩ።

ከክፍሌ ሆኜ ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማኛል። አዲሱ ሸክላ ምድጃ ውስጥ ነው። መዳቡን እስከ ልቡ ጠጥቶታል!

ሚያዝያ 26፣ ሐሙስ

የእትዬ የብርጓል ወንድም አያ ታረቀ ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም አብረውት ነበሩ። «መምህር፣ ከየት ናት ያች ሴት?» ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ክፍል ረፍዶብኝ ነበር። «ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ መሰለችኝ» አልኩት።

መሰለችኝ ነው ያልኩት። ስም አልጠራሁም።

ከሰዓት የቤተ ሙከራው ሚዛን ተበላሽቶ ሲያስቸግረኝ ዋለ።

ሚያዝያ 29፣ እሑድ

ጤናዬን ሐኪም ቤት ወሰዷት። መርፌ ተወጋች፤ ማታ ገንፎ በላች። እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ የብርጓል የዳነችው ነገሩ «ለዚያች ሴት ስለተነገራት» ነው ይላሉ። ማን ለማን ምን እንደተናገረ አልጠየቅሁም።

ግንቦት 2፣ ሮብ

የደርቤ መኪና ተበላሽታለች። ሃያ ስምንት ቀን ቀረኝ።

ግንቦት 9፣ ሮብ

ጠራ!

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ከከተማው ስንወጣ ሜዳው ላይ አንድ ፈተና አጠፋሁ፦ ሮዝ፣ ግን ፈዘዝ ያለ። ሦስት ፈተና ቀረኝ። ከዚያ ዳገቱ ተጀመረ። ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ሽቅብ ስትይዝ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሯ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ታስነጥሳለች። ደርቤ ሁልጊዜ የሚያማርረው ይህንኑ ነው። እኔም እዚህ ላይ መፈተን ከንቱ ነው ብዬ እስከ ዛሬ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር የምፈትነው። ዛሬ ግን ተሳፋሪዎቹ ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው «እዚሁ አቁም» አልኩት። ሞላሁ፣ ነቀነቅሁ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት። ውሃው ውሃ ነው።

ያልተቃጠለው ነዳጅ ነው ያገዘኝ። ዳገት ላይ ሞተሯ አየር ሲያንሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተርፋታል፤ እሱ ደግሞ ኦክስጅን የተራበ ነው። መዳቡ ላይ ከናይትሮጅኑ ኦክስጅኑን ይቀማዋል፣ ናይትሮጅኑም ንጹሕ አየር ሆኖ ይሄዳል። የአካለ ወልድ ሽማግሌ ሥራውን ሠራ፤ ግን የሚሠራው የሚያስታርቃቸው ሁለቱም ሲመጡለት ነው። ቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ሸክላውን በስንት ሳምንት እንደሚደፍነው አላውቅም፤ ያ የፕሮፌሰሩ ጣጣ ነው።

ደርቤ የመኪናዋን ጎን በመዳፉ መታና «ክታቡ ያዘ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ። እኔ ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አንሥቼ አየሁት። አልቅሻለሁ መሰለኝ፣ ብርዱም ነበር።

የምነግረው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ። ቅዳሜ እስኪደርስ እንዴት ልጠብቅ።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ

ገበያ አልመጣችም። ቦታዋ ላይ አንዲት ባልቴት ጌሾ ዘርግታ ትሸጣለች።

ግንቦት 16፣ ሮብ

በዚያው ዳገት ደገምኩት፤ ያለ ሣጥኑ ሮዝ፣ ከነሣጥኑ ጠራ። መፈተኛው አለቀ።

ግንቦት 19፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልመጣችም። ዝናቡ ጀማምሮታል፣ ሸክላ በዝናብ አይደርቅም። ለዚህ ይሆናል። ልሄድ አስቤ ነበር፣ ግን ሪፖርቱ አለ።

ግንቦት 28፣ ሰኞ

ሪፖርቱን ሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ገጽ። ስለ መዳቡ አራት ገጽ፣ ስለ ዳገቱ አምስት ገጽ። «ሸክላው እንዴት ተዘጋጀ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

ስሜን እንዳታነሣ ብላኛለች። ራሷ ነች ያለችው። ቃል ቃል ነው። ደግሞም ተራ ሸክላ ነው፣ ሐሳቡ የእኔ ነው፣ መዳቡም የእኔ ነው። «ከአካባቢው ጭቃ በራሴ ተዘጋጅቷል» ብዬ ጻፍኩ። በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው እንደ መጀመሪያው አልከበደኝም።

ግንቦት 30፣ ሮብ

ገባ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ጥቅሉን እየነቀነቀ «አተር ነው?» አለኝ።

ሰኔ 3፣ ቅዳሜ

የለችም።

ሰኔ 10፣ ቅዳሜ

የለችም። ደርቤን ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቄ መምህር» አለና ራዲያተሩን መክፈት ጀመረ። ሁልጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ የሚቀልድ ሰው ነው።

ሰኔ 24፣ ቅዳሜ

ጨሞጋ ሞልቷል አሉ። ጭቃው ሲደርቅ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 11፣ ማክሰኞ

ደብዳቤው መጣ። ቴምብሩን ዛሬም ለርእሰ መምህሩ ሰጠኋቸው።

ተቀበሉኝ! ማለት፣ ሊቀበሉኝ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «መዳቡን እኛም እዚህ ሞክረነዋል፤ ከፋብሪካ በገዛነው ሸክላ ላይ እንደ አንተ አልሠራልንም። ልዩነቱ ሸክላህ ነው። በማይክሮስኮፕ አይተነዋል፤ ቀዳዳው እንዲያ ያለ፣ እንዲያም እኩል የሆነ ነገር አላየንም። ቦታው የሸክላው ነው ብል ይሻላል። ጭቃው ውስጥ ምን እንደጨመርህ፣ እንዴት እንደተኮስኸው በዝርዝር ጻፍልኝ። በሥራው የረዳህ ሰው ካለም ሙሉ ስሙን ላክልኝ፤ ጽሑፉ ላይ ይገባል።»

ጭቃው ውስጥ የምጨምረውን አውቃለሁ ብላኝ ነበር። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። ቤቷን አላየሁም። ከበር ድንጋይ አላለፍንም።

ሐምሌ 12፣ ሮብ

ገና በማለዳ ጨሞጋን ተሻገርኩ፤ ውሃው እስከ ወገቤ። ቤቷን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ በጋቸውን እየነዱ። ቤት አላልኩትም፤ ሣር ክዳኑ ተገፏል፣ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ደጁ ላይ ገል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ገል። ማሰሮ፣ ምጣድ፣ ጋን፣ ሁሉም ተሰባብሯል።

«ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው» አሉኝ አዛውንቱ። «ከከተማ ሰዎች መጡ። ልጅ በላች ብለው። እሷን አልመቷትም፣ እግዜር ይይላቸው፣ ዕቃዋን ነው የሰባበሩት። ቆማ አየች። በነጋታው የለችም።»

«ወዴት ሄደች አባባ?»

«ማን ጠይቋት? ደምበጫ የሚሉ አሉ፣ ደብረ ኤልያስ የሚሉ አሉ።» ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ «አንተስ ምኗ ነህ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አንድ ገል አነሣሁ። አዛውንቱ በጋቸውን ነድተው ሄዱ።

ከግድግዳው ጥግ ያቦካችው ጭቃ ተከምሮ ነበር። እጄን አግብቼ ፈለግሁት። ገለባ ይሁን አመድ፣ ምን እንደሆነ፣ ዝናቡ አጥቦት ከሜዳው ጭቃ አይለይም። ጋዙ ጠራ ብዬ ተራራ ላይ ባለቀስኩበት ቀን እሷ ከሄደች አሥር ቀን አልፏት ነበር። ቆጥሬ ደረስኩበት። ሊነግረኝ ማንም አልፈለገም፤ ወይም ሁሉም የማውቅ መስሏቸዋል። አውቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ በሦስተኛው ነገርኩት።

ሐምሌ 14፣ ዓርብ

እትዬ የብርጓልን ቤትዎን እለቃለሁ አልኳቸው። ጤናዬ በበሩ ስንጥቅ ታየኝ ነበር። የሸክላዋን ላም ሰጠኋት፣ አንድ ቀንድ እንደሌላት። «ሴትዮዋ የታለች?» አለችኝ። ከሄደች ወዲህ ስለ እሷ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ጤናዬ ናት።

ለፕሮፌሰሩ መልስ ጻፍኩ፦

«ሸክላውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ማለቴ ውሸት ነበር። የሠራችው ሸክላ ሠሪ ናት። ጭቃው ውስጥ ምን እንደጨመረች፣ እንዴት እንደተኮሰችው አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። እሷም ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ እንዳትገኝ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ቦታው የሸክላው ነው ብለዋል። እንግዲያው ቦታው የእኔ አይደለም። ሙሉ ስሟን ጠይቀውኛል።»

እዚህ ላይ «ታየች» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ የአባት ስም ይገባል። ስሜን እንዳታነሣ ያለችኝ ለገበያዋ ነበር፤ ያ ገበያ ዛሬ የለም።

ያን ቀን በሩ ላይ፣ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ የማን ልጅ ነህ ብላኝ ነበር። ስለ አባቴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ጉለሌ ነገርኳት። ጀምበር እስክትጠልቅ አወራሁ፣ አልጠገብኩም ነበር። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ አላልኳትም።

ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ደምበጫ ገበያ አለ። ደርቤ በጠዋት ወደዚያ ይወጣል።